መጀመሪያ የሚጫን ጠፋ

ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪዎቼን «ቴሌቪዥን ዝጉና መጽሐፍ ክፈቱ» ስል የኖርኩ መምህር ነኝ። ምክሩን አሁንም አላጠፍኩትም፤ እኔ ግን አልከተለውም። መደርደሪያዬን ያጎበጡት ወፋፍራም መጻሕፍት ስለ ዓለም ሕዝቦች ጠባይ ያልነገሩኝን አንድ የቴሌቪዥን ጨዋታ ነግሮኛል።

ጨዋታውን ሳታውቁት አትቀሩም። ሁለት ቤተሰብ ፊት ለፊት ይሰለፋል። ከየቤተሰቡ አንድ ሰው ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ካለ ቁልፍ አጠገብ ይቆማል። መሪው ይጠይቃል፤ ቁልፉን ቀድሞ የተጫነ ይመልሳል። ልክ የሚባለው መልስ ታዲያ እውነተኛው መልስ አይደለም፤ አስቀድሞ መቶ ሰው ተጠይቆ ብዙው ያለው ነው። ምሁራን ይህን ሲሰሙ ያማቸዋል። እኔን ግን አስደሰተኝ። እውነት በድምፅ ብልጫ የሚወሰንበት ቦታ ሞልቶ ሳለ፣ ይህንኑ በግልጽ የሚያምን አንድ የቴሌቪዥን ጨዋታ ብቻ ነው ያገኘሁት።

ጨዋታውን ደግሞ ያልገዛው አገር የለም። ወልቂጤ ያለው ቤቴ ጣሪያ ላይ ዲሽ ከተተከለ ወዲህ ሪሞቴን ይዤ አገር ላገር እዞራለሁ። ጨዋታው አንድ፣ ጠረጴዛው አንድ፣ ቁልፉ አንድ፤ ሰዉ ግን ሌላ ነው። አሜሪካዊው «ለቁርስ የሚበላ ነገር ጥቀስ» ሲባል «ምስማር» ቢል ቤተሰቡ በሙሉ እየዘለለ «ጎበዝ፣ ጎበዝ» ይለዋል። እዚያ አገር ስህተት የሚባል ነገር የለም፤ የዘገየ ጭብጨባ ብቻ ነው ያለው። እንግሊዞች ዘንድ መሪው ተወዳዳሪውን በጨዋ ቋንቋ ይሰድበዋል፣ ተወዳዳሪውም ያመሰግነዋል። ቱርኮች ሁሉም ባንድ ላይ ይናገራሉ፤ መሪውም አብሯቸው ይናገራል። ቱርክኛ አልሰማም፤ እነሱም የሚሰማሙ አይመስለኝም፤ መልሱ ግን በሆነ መንገድ ይደርሳል። ሕንዶች ዘንድ አንድ ሰው «ውሃ» ብሎ እስኪመልስ ካሜራው ፊቱን ደጋግሞ ይጎበኘዋል፣ ከበሮ ይመታል፣ እናቱ ታለቅሳለች። ናይጄሪያዊው መልስህ የለም ሲባል መቶዎቹን ሰዎች ይከሳቸዋል። «እነማን ናቸው? የት ነው የጠየቃችኋቸው? አምጧቸው» ይላል። ይህን ሰውዬ ወድጄዋለሁ። አረቦቹ ጋ አንዲት እናት ተሳስተው አይቻለሁ፤ መሪው ግንባራቸውን ስሞ ሌላ ጥያቄ ጠየቃቸው። ተሳስተዋል ብሎ የሚነግራቸው ወንድ ጠፋ።

የእኛው የአዲስ አበባ ጨዋታም አለ። ተወዳዳሪው ስሙን ይናገርና «ሰላም ማለት የምፈልገው» ብሎ ይጀምራል። ከአያቱ ተነሥቶ፣ በአጎቶቹ በኩል ዞሮ፣ አብረውት የተማሩትን አዳርሶ፣ «ስማችሁን ያልጠራሁ እንዳትቀየሙኝ» ላይ ሲደርስ ማስታወቂያ ይገባል። ከማስታወቂያ መልስ የተቀየሙትን ይጠራል።

ከዚህ ሁሉ ተነሥቼ አንድ ሐሳብ ላይ ደረስኩ። ሰውን ለማወቅ ወይ አብረኸው መንገድ ሂድ፣ ወይ ቁልፍ ስጠው። ይህን ያልነገርኩት ዘመድ የለኝም። ባለቤቴ «ቁልፍ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ምጣድ የረሳች ይመስል ወደ ጓዳ ትሄዳለች።

ጉዳዬ ግን የወንድሜ ልጅ የትዕግሥት ሠርግ ነው።

ትዕግሥት እዚሁ ወልቂጤ ሒሳብ ታስተምራለች። ያጫት ናትናኤል የቡታጅራ ልጅ ነው፤ በርና መስኮት የሚሠራበት የብየዳ ቤት አለው። ሁለቱም ቤተሰብ ወንጌላዊ፣ ሁለቱም ነጋዴ፣ ሁለቱም ጉራጌ። በእርግጥ የሁለታችንም ቋንቋ ጉራጊኛ ይባላል እንጂ እነሱ በነሱ እኛ በእኛ ስንናገር ስለማንግባባ የምንነጋገረው በአማርኛ ነው። ለዚህ ይሆናል ትሕትናችን እጥፍ የሚሆነው። ሰው በተበደረው ቋንቋ ሲናገር እንደ ተበደረው ጋቢ ነው፤ እንዳይቆሽሽ ይጠነቀቃል።

ምን ያጣላቸዋል ትሉ ይሆናል። ምንም አላጣላቸውም፤ ችግሩም ይኸው ነው። ቢጣሉ ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቃቸው ነበር። የሚከባበሩ ሰዎችን ምን ብሎ ያስታርቃል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ዛሬ ሠርግ፣ ነገ መልስ ተብሎ ሁለቴ መደገስ ይቅር፣ ሁለቱ ቤተሰብ ተባብሮ በአንድ ቦታ አንድ ድግስ ያድርግ ተባለ። ሁሉም ተስማማ። የቀረው «የት ይሁን?» የሚለው ብቻ ነበር። የሙሽራይቱ አባት፣ ታላቅ ወንድሜ ሙሉጌታ፣ ወልቂጤ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ያለው ሰው ነው። ጉሮሮውን ጠረገና፦

«ቡታጅራ ይሁን። ልጅቷ እንደሆነች ከእንግዲህ የእናንተ ናት» አለ።

የናትናኤል አባት ጋሽ ደሳለኝ የቡታጅራ የእህል ነጋዴ ናቸው። «ኧረ ምን ሲደረግ» አሉ። «ሴት ልጅ የምትዳረው ከአባቷ ቤት ነው። ወልቂጤ ይሁን።»

«አይሆንም፣ ቡታጅራ።»

«እንዴት ተደርጎ። ወልቂጤ።»

ቤተሰባችን በሞት አይምልም፤ «በሞቴ» ማለት ቢቻል ኖሮ ያን ቀን ሁለቱም ሞተው ነበር። ቀጠሮ ተቀጠረ። በቀጠሮውም እንደዚያው ሆነ።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ወንድሜ በሩን ዘግቶ ምን አለኝ መሰላችሁ? «ቡታጅራ ከሆነማ አልቆልኛል። ‹ሙሉጌታ ልጁን ሰው አገር ወስዶ ዳረ› እየተባልኩ በየት በኩል ነው ገበያ የማልፈው?»

«ታዲያ ለምን ቡታጅራ ይሁን አልክ?»

«ታዲያ ምን ልበል?» አለኝ። የምሩን ነበር የጠየቀው፤ ሌላ ሊባል የሚችል ነገር መኖሩን አያውቅም።

ናትናኤል ለትዕግሥት እንደነገራት ደግሞ ጋሽ ደሳለኝ ግቢያቸውን ጠጠር አልብሰዋል፤ ድንኳኑ የት እንደሚተከል፣ ሰንጋው የት እንደሚታሰር ወስነዋል። እንግዶች ፊት ግን አሁንም «ወልቂጤ» ነው የሚሉት።

እንዲህ እየተባለ ክረምቱ ተቃረበ። ክረምት ከገባ ድንኳን አይቆምም፤ የዘቢዳርን ተራራ የሚያቋርጠው መንገድም ሠርገኛ የጫነ መኪና ይዞ ይቀራል። ከሰኔ በፊት ካልሆነ ከመስቀል በኋላ ነው ማለት ነው። ትዕግሥት ደግሞ ካለፈው መስቀል ጀምሮ እየጠበቀች ነው። ስሟን ያወጣሁላት እኔ ስለሆንኩ ወቀሳው ወደኔ መጣ።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «በዚህ አያያዝ ጡረታ ወጥቼ ነው የማገባው። ዘንድሮ ካልሆነ እኔና ናቲ ሁለት ምስክር ይዘን ማዘጋጃ ቤት እንሄዳለን። ያን ጊዜ ድግሱ የትም አይሆንም።»

ማዘጋጃ ቤት ስትል ደነገጥኩ። ወንድሜ ልጁ በፊርማ ብቻ አገባች ከሚባል መደብሩ ቢቃጠል ይመርጣል። በድንጋጤ መሃል ነው ሐሳቡ የመጣልኝ።

«ጨዋታ እናድርግ» አልኳት። «ያንን የቴሌቪዥኑን። ሁለቱ ቤተሰብ ይወዳደር፣ ያሸነፈው በከተማው ይደግስ። ማንም ‹እኔ ጋ ይሁን› አላለም፤ ያለው ጨዋታው ነው። ይሉኝታ የሚባል ነገር አይነካም።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ እየቀለድኩ አይደለም።»

«እኔስ መቼ ቀለድኩ?»

የሒሳብ አስተማሪ አይደለች፣ ጥቂት አሰበችና «ያስኬድ ይሆናል» አለች። ናትናኤልማ ነገሩን ሲሰማ በደስታ ዘለለ፤ በማግስቱ ቁልፉን ሠርቶ ጨረሰ። በአንድ የብረት ጠረጴዛ ላይ ሁለት የበር ደወል መጫኛ ገጠመ። አንዱን ከባጃጅ ክላክስ ጋር፣ ሌላውን ከሞተር ሳይክል ክላክስ ጋር አገናኘ፤ ድምፁ ስለሚለያይ ማን እንደቀደመ አያጠራጥርም። በተጫኑት ቁጥር ሠፈር የሚያስደነብር ዕቃ ነው። እንዲህ ያለ ቁልፍ እንግሊዞችም የላቸውም።

አባቶቹም ጨዋታ ነው ሲባሉ አልተቃወሙም። የእኔ ድርሻ መቶ ሰው መጠየቅ ነበር። ወልቂጤ መናኸሪያ ሄድኩና ብርቱካን የሚሸጡ አንዲት ሴትዮ «እንግዳ ቤትዎ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያቀርቡለት ምንድነው?» አልኳቸው።

«ማን ሊመጣብኝ ነው?» አሉ ደንግጠው።

«ማንም አይመጣም። ቢመጣ ማለቴ ነው።»

«ካልመጣ ለምን ትጠይቀኛለህ? ልጄ ነው? ደወለልህ?»

እሳቸውን አረጋግቼ እስክለይ ግማሽ ቀን ሄደ። የቡታጅራ ሰው ካልተጠየቀ አድልዎ ነው እንዳይባል ደግሞ ውድድሩ በጋሽ ደሳለኝ ግቢ ሊካሄድ አንድ ቀን ሲቀረው ቀድሜ ቡታጅራ ገባሁ። ገበያ ውስጥ በርበሬ ቆልለው የተቀመጡ አንድ የመስቃን ነጋዴ አገኘሁ።

«አሰላሙ ዓለይኩም» አልኩ።

«ወዓለይኩሙ ሰላም።»

ጥያቄዬን ጠየቅኩ። ሰውየው ጢማቸውን ይዘው አሰቡበት። «እንግዳው ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከየትም ይምጣ።»

«ከየትም የሚመጣ እንግዳ የለም። ከቆሼ ከመጣ ቆላ ነው፣ ጠምቶታል፣ ውሃ ነው። ከቡኢ ከመጣ መንገድ ላይ በልቷል፣ አይቸኩልም። ከጥያ ከሆነ እንደ ሰዓቱ ነው። አንተ ከየት ነህ?»

«ከወልቂጤ።»

«በል ቁጭ በል» አሉና በርጩማ ሳቡልኝ፤ ሻይ ታዘዘ፣ ዳቦ መጣ። መልሳቸውን አልነገሩኝም፤ አደረጉት። ከሳቸው በኋላ የጠየቅኳቸውም እንዲሁ። መቶ ሰው አልሞላልኝም፤ መቶኛው ዘንድ ብደርስ ኖሮ በሻይ እሞት ነበር።

በማግስቱ የወልቂጤው ቤተሰብ በሚኒባስ መጣ። ጋሽ ደሳለኝ ግቢ ውስጥ ክትፎውን ከቆጮ ጋር በላን፣ ተጸለየ፣ ጠረጴዛው ጠጠሩ ላይ ተቀመጠ። እኔ ኮት ለብሻለሁ። የአራት አምስት አገር መሪዎችን አቋቋም አጥንቼ ስለነበር የእንግሊዙን መረጥኩ፤ አንድ እጅ ኪስ ውስጥ። የመጀመሪያዎቹን ተወዳዳሪዎች ጠራሁ፤ አባቶቹን። ወንድሜና ጋሽ ደሳለኝ ፊት ለፊት ቆሙ።

«እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀርብለት ምንድነው?»

ወንድሜ እጆቹን ወደ ኋላው አጣምሯል። ጋሽ ደሳለኝ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በትንሹ ጎንበስ ብለዋል።

«ይጫኑ እንጂ አቶ ሙሉጌታ» አሉ።

«ኧረ እርስዎ እያሉ?»

«እንግዳው እርስዎ ነዎት። እንግዳ ይቀድማል።»

«ባለቤቱ ቆሞ እንግዳ ሲቀድም የት ታየ?»

«ግድ የለም፣ ታላቄ ነዎት።»

«ማን፣ እኔ?» አለ ወንድሜ። «እኔማ ልጅ ነኝ። አንቱ የምልዎት በከንቱ መሰለዎት?»

«በመንገዳችን ያለው የወንዝ ድልድይ ሲሠራ እኔ ገና ፍየል እንኳ አላስገባም ነበር።»

«ድልድዩ ሲሠራ? እኔ ያኔ አልተወለድኩም።»

እኔ ታናሽ ወንድሙ ያ ድልድይ ሲሠራ አስታውሳለሁ። ግን መሪ ገለልተኛ ነው። በየትኛውም አገር ጨዋታ ተወዳዳሪ በዕድሜ ሲከራከር አላየሁም፤ ያውም ማን ያንሳል በሚል። በመጨረሻ ጊዜ አለቀ ብዬ ሁለቱንም አስቀመጥኳቸው። ሲሄዱም ማን ቀድሞ ይቀመጥ በሚል ትንሽ ቆሙ።

ሴቶች ይሻላሉ ብዬ እናቶቹን ጠራሁ፤ የወንድሜን ሚስት ወይንሸትንና የናትናኤልን እናት እትዬ ጽጌን። እነሱ ደግሞ መከራከር አላስፈለጋቸውም። እትዬ ጽጌ የወይንሸትን እጅ ያዙና ወደ ቁልፉ ይስቡት ጀመር። ወይንሸትም በሌላ እጇ የሳቸውን ያዘች። ቁልፍ የሚያስጫኑ ሳይሆን ጉርሻ የሚያጎራርሱ ነበር የሚመስሉት።

«በይ እንጂ የኔ እመቤት።»

«እርስዎ ካልቀደሙ እጄ ይቆረጥ።»

«አንቺ ነሽ የምትቀድሚ፣ ልጅ የሰጠሽን።»

ተጓተቱ ተጓተቱና አራት እጅ ባንዴ ሁለቱም ቁልፎች ላይ ወደቀ። ባጃጁም ሞተሩም ጮኸ፤ ጮኸና ተጣብቆ ቀረ። ናትናኤል ሮጦ ሽቦውን እስኪነቅል አንድ ባጃጅ ነጂ በግቢው በር አንገቱን አስገብቶ «ኮንትራት የጠራ አለ?» አለ። ማንም አልጠራም ተባለ፤ ግን ደጅ ድረስ የመጣ ሰው አይመለስምና ቆጮ ቀረበለት። የእንግዳው ጥያቄ በዚህ መንገድ ዳግመኛ በተግባር ተመለሰ፤ ነጥብ ግን ለማን ይሰጥ?

ቁልፉን ትቼ በዕጣ አደረግኩት። ዕጣው ለእኛ ወጣ። «ሠርግ ላይ ሰው የሚያማው ምንድነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ይህ ጥያቄ መናኸሪያው ውስጥ ሰው ሁሉ ሳያስብ የመለሰው ነው፤ ወጡን፣ ሙሽራውን፣ የተቀማጩን ቅደም ተከተል።

ወይንሸት ቤተሰቡን አየት አደረገችና «እኛ ሰው አናማም» አለች። የእኛ ሰዎች አጨበጨቡ። የጋሽ ደሳለኝ ሰዎችም አጨበጨቡ።

«ተሳስታችኋል» አልኩ። «በጨዋታው ደንብ አሁን ተጋጣሚያችሁ ይመልስና ነጥቡን ይወስዳል።»

ጋሽ ደሳለኝ ፊታቸው ጠቆረ። «ይወስዳል ማለት? የነሱን?»

«የነሱን።»

«የሰው እንጀራ እንንጠቅ ነው የምትለው?»

«እንጀራ አይደለም፤ ነጥብ ነው።»

ቤተሰቡ ተሰብስቦ ተንሾካሾከ። ከዚያ ናትናኤል አፍሮ መሬት መሬት እያየ መልሱን አመጣ። «እኛም አናማም።»

ዜሮ ለዜሮ። ትዕግሥት ጭንቅላቷን ይዛ ተቀምጣለች። ሳልፍ በዝግታ «ጋሼ፣ ደመናውን እየው» አለችኝ። በተራራው በኩል ጠቁሯል። ማዘጋጃ ቤቱ ታየኝ።

እዚህ ላይ ነው በራሴ የኮራሁት። ማንም ማሸነፍ ካልፈለገ ደንቡ ይገለበጥ። «አዲስ ደንብ» ብዬ አወጅኩ። «ከእንግዲህ የሚደግሰው ያሸነፈው ሳይሆን የተሸነፈው ነው። ማሸነፍ ማለት ክብሩን ለሌላው መስጠት ነው።» ናትናኤል ሽቦውን መልሶ አገናኘ።

ያን ጊዜ የሆነውን ቱርኮችም አያምኑኝም። «እንግ» ከማለቴ ወንድሜ በሙሉ መዳፉ ቁልፉን ደቆሰው። ጋሽ ደሳለኝም ከመቀመጫቸው ተነሥተው ደርሰዋል፤ በፀጉር ያህል ነው የተቀደሙት። እነዚያ ልጅ ነኝ፣ ልጅ ነኝ ሲሉ የነበሩ ሰዎች እውነትም ልጅ ሆኑ። ክብር መስጠት ከሆነማ ማን ይቅደመኝ!

«ለእንግዳ መጀመሪያ የሚቀርበው?»

ወንድሜ ቀጥ ብሎ ቆሞ «ሲሚንቶ» አለ።

«ሲሚንቶ?»

«ቤት የሚሠራ እንግዳ ይኖራል።»

ስህተት ብዬ ቀጠልኩ። «ሰው ከቤቱ ሲወጣ የሚረሳው ነገር?» አሁን ጋሽ ደሳለኝ ቀደሙ። ባጃጁ ጮኸ። «ቤቱን» አሉ። የወር ስም አልኩ፤ ወይንሸት ከእትዬ ጽጌ እጅ ሥር ሾልካ ተጫነችና «ማክሰኞ» አለች። ከክትፎ ጋር የሚቀርብ ነገር አልኩ፤ ከአንድ ሰዓት በፊት አይቤና ቆጮ ያቀረቡልን እትዬ ጽጌ ተጭነው፣ ዐይኔን ትክ ብለው እያዩ «ፓስታ» አሉ።

ሁሉም ኮስተር ብለዋል። ይጫናሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። እኔ የዓለምን ሕዝብ ጠባይ የማውቀው ሰውዬ ክላክሱ ጆሯቸውን የደፈነው መስሎኝ ጥያቄውን እየጮኽኩ ደገምኩላቸው። ቆጮውን የሚበላው ባጃጅ ነጂ ሳይቀር ነገሩ ገብቶት ይስቃል። መጫኑ ትሕትና ነው፤ መሳሳቱ ምኞት ነው። እያንዳንዱ ክብሩን ለሌላው እየሰጠ ድግሱን ወደ ቤቱ እየጎተተ ነበር።

ትዕግሥት ተነሣች። ወደ ጠረጴዛው መጥታ በእጇ ትከሻዬን ወደ ጎን ገፋ አደረገችኝ።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሠርጉ የት ይሁን ነበር ያልከው?»

ወንድሜ ግራና ቀኝ አየ። «ያው… ቡታጅራ ይሁን ብያለሁ።»

«ከልብህ ነው?»

አማቾቹ ሁሉ ፊቱ ተደርድረዋል። ምን ይበል? «ታዲያስ። እንዴት ከልቤ አይሆንም?»

«እሺ» አለች።

ካለፈው መስቀል ጀምሮ በሁለቱ ቤተሰብ መሃል ያልተባለ ቃል አልነበረም፤ ይህቺ አንዷ ብቻ ቀርታለች። የወንድሜ አፍ ፈገግ አለ፤ የቀረው ፊቱ ግን አልተከተለውም።

«እሺ ማለት?» አለ።

«እሺ ማለት እሺ ነው። ሠርጉ ቡታጅራ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባዬ።»

ጋሽ ደሳለኝ የተመኙት ከነሰንጋው እጃቸው ገብቷል፤ ግን መቀበል አልሠለጠኑም። «የለም ልጄ፣ አይሆንም፣ ወልቂጤ…» ብለው ጀመሩ።

«አባቴ ከልቡ ነው አለ እኮ። ከልቡ አይደለም ይላሉ?»

«ኧረ እኔ እንዲህ አልወጣኝም።»

«እንግዲያው ጨረስን።»

ናትናኤል፣ በር የሚሠራ ሰው መቼ እንደሚዘጋ ያውቃል፣ «የግንቦት የመጨረሻው ቅዳሜ» አለ። የተቃወመ የለም። ከእንግዲህ ዝናብ ቢመጣም በድንኳኑ ላይ አይመጣም።

ወንድሜ ግን ቆሞ ጠጠሩን ያያል። ገበያ መሃል ሊያልፍ እየተዘጋጀ እንደሆነ እኔም ገባኝ። ጋሽ ደሳለኝም አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ጠረጴዛው መጡ፤ ማንንም ይቅደሙ ሳይሉ አንድ ጣታቸውን ቁልፉ ላይ አሳረፉ። ባጃጁ አጭር ጮኸ።

«መልሱ ወልቂጤ ይሁን» አሉ።

እኔ ኮቴን አስተካከልኩ። «ተሳስተዋል ጋሽ ደሳለኝ። አንደኛ ጥያቄ አልተጠየቀም። ሁለተኛ ደግሞ ‹ወልቂጤ› የሚል መልስ የለኝም።»

መጀመሪያ የሳቀችው ወይንሸት ናት። ከዚያ እትዬ ጽጌ ተቀበሏት፣ ከዚያ ግቢው በሙሉ። ባጃጅ ነጂው «መምህር፣ የሠርጉን መልስ እኮ ነው የሚሉት» ብሎ ባያስረዳኝ እስከ ዛሬ ተሳስተዋል እላቸው ነበር። ለካ ያ የተሰረዘው ሁለተኛ ድግስ፣ ሙሽሮች ወደ ሙሽራይቱ አባት ቤት የሚመለሱበት፣ ተመልሶ መጣ። ቀኑን ሙሉ መልስ ስጡኝ ስል የዋልኩት ሰውዬ ሲሰጡኝ አላወቅኩትም።

ወንድሜ ፊቱ በራ። እንደ ልማዱ እጁን አነሣ። «ኧረ እንዴት ይሆናል፣ ለእናንተ መንገዱ…» ብሎ ትዕግሥትን አያት። ትዕግሥትም አየችው። ወንድሜ እጁን አወረደ።

«እሺ» አለ።

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ከባድ ዕቃ ያወረደ ሰው ይመስል ነበር። ጋሽ ደሳለኝ አቀፉት። በአንድ ድግስ ሊያልቅ የነበረው ሁለት ሆነ፤ ግን ግቢው ውስጥ በዚህ ያዘነ ሰው አላየሁም።

በሚኒባሱ ተራራውን ስንወጣ ትዕግሥት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። መስኮቱ ላይ ጠብታ ጀምሯል።

«ጋሼ፣ ደክመህልኛል። በሠርጉ ዕለት መድረኩን የሚመራ ሌላ ሰው አግኝተናል። አንተ አትቸገር።»

«ኧረ ምን ችግር አለው» አልኩ። «እኔው እመራዋለሁ።»

ዐይኗን ጨፍና ራሷን የወንበሩ መደገፊያ ላይ ጣል አደረገች።